አንስ ማዦር፦ በእግር የሚደረስበት የባሕር ዳርቻ፣ ከመሐል አዲስ አበባ ለሚነሣ

አንስ ማዦር የሲሸልስ ዋና ደሴት በሆነችው በማሄ፣ በስተ ሰሜን ምዕራብ የምትገኝ ትንሽ የባሕር ዳርቻ ናት። መኪና አይደርስባትም። ወይ በጀልባ ይኬዳል፣ ወይ ደግሞ የተራራውን ወገብ ይዞ በሚሄድ ድንጋያማ የእግር መንገድ። «አንስ» በፈረንሳይኛ ትንሽ ወሽመጥ ማለት ሲሆን በሲሸልስ የብዙ ዳርቻዎች ስም በዚሁ ቃል ይጀምራል። «ላ ጋር»ን ለገሃር ላደረገ ከተማ አፍ የሚያስቸግር ስም አይደለም።

ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ባሕር ማየት የሚፈልግ የከተማው ሰው መነሻው ለገሃር፣ መድረሻው ጅቡቲ ነበር። ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ማሄ ድረስ በቀጥታ ይበራል፤ ርቀቱ 2,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኤምባሲ ደጅ መሰለፍም የለም፤ ሲሸልስ ለጎብኚ ቪዛ አትጠይቅም። አስቀድሞ በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ፣ የመመለሻ ትኬትና የማረፊያ ማረጋገጫ ግን ግድ ነው። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይጠየቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በወሩ ነው። የአዲስ አበባ ሰው የሚያገባውም፣ ለጫጉላ የሚወጣውም በጥር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለበት ወር ስለሆነ ባሕሩም እንዲሁ ይመስለዋል። ማሄ ላይ ግን ጥር ዋናው የዝናብ ወር ነው። በዚያ ወቅት ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ ማዕበሉ በቀጥታ አንስ ማዦር ያለችበትን ጎን ይመታል። ከግንቦት ማብቂያ እስከ መስከረም ድረስ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ያን ጊዜ ተራራው ከለላ ይሆናትና ውኃው ይረጋል። እንግዲህ ፒያሳ ላይ ጃንጥላ ሲዘረጋና ታክሲ ሲጠፋ፣ የአንስ ማዦር ጥሩ ወራት እነዚያ ናቸው።

መንገዱ የሚጀምረው ከቤል ኦምብር አለፍ ብሎ፣ ዳንዚል ከሚባለው ሰፈር፣ አስፋልቱ ከሚያልቅበት ነው። ከዋና ከተማዋ ከቪክቶሪያ ቤል ኦምብር ድረስ አውቶቡስ አለ። መጀመሪያ በቤቶችና በዛፎች መካከል ጥላ ለጥላ ይኬዳል። ከዚያ ዛፉ ይሳሳና እግር ገላጣ ግራናይት ላይ ያርፋል፤ የአገሩ ሰው «ግላሲ» ይለዋል። በቀኝ በኩል ገደሉ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ከማዶ ሲሉዌት ደሴት ትታያለች። ከጉዞው ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ይህ ክፍል ነው፤ ዳርቻዋ ራሷ ከዚህ ቀጥላ ነው የምትመጣው። ግራናይቱ 750 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ሲሆን ሕንድና ማዳጋስካር ሲላቀቁ መሐል ላይ የቀረ የጥንቱ አህጉር ቁራጭ ነው። እንጦጦ የቆመበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ገና ሕፃን ነው።

አካባቢው እ.ኤ.አ. በ1979 የተከለለው የሞርን ሲሸልዋ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ፓርኩ የተሰየመበት ተራራ የአገሪቱ ከፍተኛው ሲሆን 905 ሜትር ነው፤ መስቀል አደባባይ ላይ አስፋልት የሚሻገር ሰው ከዚያ ጫፍ በእጥፍ በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ገደማ የሚያልቀው መንገድ የአዲስ አበባን ሳንባ አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ወበቁ ነው። አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላብ አይደርቅም፣ ግላሲው ላይ ጥላ የለም፣ ድንጋዩም የጠጣውን ፀሐይ መልሶ ይተፋዋል። በማለዳ መነሣት፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ መያዝ፣ ነጠላ ጫማውንም ቦርሳ ውስጥ ከትቶ በስኒከር መሄድ ይበጃል። ዝናብ ከጣለ ግራናይቱ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ድሩን ያደራ መዳፍ የሚያህል ሸረሪት ቢያጋጥም አይጎዳም፤ መርዛማ እባብም በደሴቲቱ የለም።

ዳርቻዋ ላይ ሲደረስ ነጭ አሸዋ፣ በሁለቱም ጫፍ የተከመረ ትልልቅ ድንጋይ፣ ከኋላ የታቆረ ውኃ ይጠብቃል። አሸዋው የተፈጨ ኮራልና ቀንድ አውጣ ስለሆነ እንደ ግራናይቱ አይግልም። ሱቅ አገኛለሁ ብሎ መሄድ አይገባም፤ ምሳውን ይዞ ሄዶ ቆሻሻውን ተሸክሞ የሚመለስ ሰው ቦታ ነው።

የእኛ ሰው እዚህ ላይ ይፈተናል። እንጦጦን ሳያርፍ የሚወጣ ጎረምሳ ዋና አለመቻሉ ብርቅ አይደለም፤ ከተማዋ ስትቆረቆር ጀምሮ የምናውቀው ውኃ ፍልውሃ ነው፣ እሱም የሚታጠቡበት እንጂ የሚዋኙበት አይደለም። ከጉዞው በፊት ሁለት ሦስት ወር ሂልተን ወይም ሌላ ገንዳ ተመላልሶ መማር ከማንኛውም የሻንጣ ዝግጅት ይበልጣል። ገንዳ ግን አይጎትትም፣ ባሕር ይጎትታል። የተጎተተ ሰው ከውኃው ጋር ፊት ለፊት ከመታገል ይልቅ ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኘ መውጣት አለበት። ያልተማረ ከጉልበቱ በላይ ባይገባ ነው።

እዚያ ዓመቱን ሙሉ በእኛ አቆጣጠር ከ12 ሰዓት ከ45 በፊት ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ግላሲውን በጨለማ መሻገር አይሞከርም። የደከመው በጀልባ ወደ ቦ ቫሎን ወይም ወደ ቤል ኦምብር ይመለሳል። ዋጋውን እንደ ኮንትራት ታክሲ፣ ሳይሳፈሩ ነው የሚነጋገሩት።