«ዶዶ አየህ?» ስለ ሞሪሺየሱ የዕፅዋት ማዕከል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የካቲት ላይ ለሥራ ሞሪሺየስ ሄጄ አንድ ሳምንት ቆየሁ። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ቀን ተረፈኝና ፓምፕልሙስ የሚባለውን ጥንታዊ የዕፅዋት ማዕከል አየሁ። ሐዋሳ በገባሁ ማግስት ጓደኞቼ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ይዘውኝ ሄዱ፤ አሳው እስኪጠበስ ድረስ በጥያቄ አጣደፉኝ። ግማሹ ጥያቄ ከመነሻው የተሳሳተ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከመሄዴ በፊት እኔም ከነሱ አልሻልም ነበር። እስቲ አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሞሪታንያ እንዴት ነበር?»

ሞሪታንያ አልሄድኩም። እሷ ምዕራብ አፍሪካ ያለች የሰሃራ አገር ናት። ሞሪሺየስ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች ደሴት ናት። ርዝመቷ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሐዋሳ ዲላ እንኳ አታደርስም።

«ሐዋሳ ያደገ ሰው ሙቀት አይፈራም»

ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ትሁን እንጂ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ማታ ሹራብ ታስደርባለች። እዚያ ባሕሩ አፍንጫህ ሥር ነው። ከበሩ ገብቼ አሥር ደቂቃ ሳልራመድ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ደሴቷ ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ወቅቱ ከኛ ጋር አይገጥምም፦ ከጥር እስከ መጋቢት ሙቀቱም ዝናቡም ይበረታል፣ ሳይክሎን የሚሉት አውሎ ነፋስም የሚመጣው ያኔ ነው፤ እኛ ክረምት ላይ ሆነን ጭቃ ስንረግጥ ደግሞ እነሱ ጋ ቀዝቀዝና ደረቅ ይላል። ለመራመድ የሚመቸው እሱ ነው። በማንኛውም ወቅት ግን በጠዋት ሂዱ፣ ውሃ ያዙ፣ የቢምቢ ቅባት አትርሱ።

«ለውበት ተብሎ የተሠራ መናፈሻ ነው»

አይደለም፤ ሲጀመር የጎመን መደብ ነበር ማለት ይቻላል። በ1735 የመጣው ፈረንሳዊ ገዥ ማኤ ደ ላ ቡርዶኔ ቦታውን የያዘው የራሱን ቤትና ወደቡን አትክልት ለመመገብ ነው። ወደ ሕንድ የሚያልፉ መርከቦች ትኩስ ምግብ ይፈልጉ ነበር። በዚያ ዘመን ደሴቷ ላይ የሚቆፍረውና የሚሸከመው በባርነት የመጣ ሰው ነበር፤ ጥላው ሥር አረፍ ስትሉ ይሄም ትዝ ይበላችሁ።

ከዚያ ፒየር ፑዋቭር መጣ። ስሙ በፈረንሳይኛ ቁንዶ በርበሬ ማለት ነው፤ ቀልዴን አይደለም። ወጣት ሳለ ባሕር ላይ ውጊያ ገጥሞት በእንግሊዝ መድፍ እጁን ያጣ ሰው ነው። ያኔ ገውዝና ቅርንፉድ በሆላንዶች እጅ ብቻ ነበሩ። ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምንላት አገር ጥቂት ደሴቶች ላይ አጥረው ይጠብቋቸው ነበር። ዋጋው እንዳይወርድ ሌላ ቦታ እንዲበቅሉ አይፈልጉም። ፑዋቭር ግን ሰው ልኮ፣ በድብቅ አስወጥቶ፣ በ1770 ችግኙንም ዘሩንም ሞሪሺየስ አስገባ። ማዕከሉ ማዕከል የሆነው ያን ጊዜ ነው። በአጭሩ የተሰረቀ ዕቃ ማራቢያ ነበር። የዛሬው መጠሪያው ረጅም ነው፦ ከ1988 ጀምሮ በአገሪቱ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር በሰር ሲዉሳጉር ራምጉላም ስም ይጠራል። ታክሲ ሲይዙ ግን ፓምፕልሙስ ማለት ይበቃል።

«ቅርንፉድ ፍሬ ነው»

ይሄ ጥያቄ እንኳ አልነበረም፤ ሁላችንም የምናውቀው የሚመስለን ነገር ነው። ማዕከሉ ውስጥ የቅርንፉድ ዛፍ ሥር አስጎብኚው አንድ ቅጠል አሽቶ ሰጠኝና ሽታው ቀጥታ ሻይ ቤት ወሰደኝ። ከዚያ ቅርንጫፉን እያሳየ «የምትጠቀሙት ሳይፈነዳ የተለቀመና የደረቀ የአበባ እምቡጥ ነው» አለኝ። አላመንኩትም።

ሐዋሳ ስመለስ ቅመም የምገዛባቸው እናት ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። «አይ ልጄ፣ እሱማ ፍሬ ነው! ስንት ዓመት የሸጥኩትን?» አሉ። አንዷን ቅርንፉድ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍናት። ትንሽ ቆይተን ጫፏ ላይ ያለችውን ድቡልቡል ነገር በጥፍር ገለጥናት፤ ሽፋኗ እንደ ቆብ ተነሳና ውስጧ ችምችም ያሉ ቀጫጭን የአበባ ክሮች ታዩ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አዩዋትና «ጉድ እኮ ነው» ብለው ዝም አሉ። ገውዝ ግን ዘር ነው። ፍሬው ላዩ ብጫ ኮክ ይመስላል፤ ሲበስል ለሁለት ይሰነጠቅና ውስጡ ጥቁር ቡናማ ዘር በደማቅ ቀይ መረብ ተጠቅልሎ ይታያል። ከሽፋን ሁሉ ወጥቶ ደርቆ እኛ ጋ የሚደርሰው ያ ነው።

«የሚታየው ሁሉ የደሴቷ ተክል ነው»

አብዛኛው እንግዳ ነው። ግዙፉ የውሃ አበባ ከአማዞን፣ ሎተስ ከእስያ፣ ታሊፖት ዘንባባ ከስሪላንካና ከደቡብ ሕንድ። ግቢው ውስጥ ያሉት ትልልቅ ኤሊዎች እንኳ ዘራቸው ሲሸልስ ካለው ከአልዳብራ ነው፤ የሞሪሺየስ የራሷ ትልልቅ ኤሊዎች አልቀዋል። የአገሬውን ተክል ማየት ከፈለጋችሁ አስጎብኚውን ጠይቁ። ለምሳሌ ግንዱ እንደ ጠርሙስ ያበጠ ዘንባባ አለ፤ እሱ የራሳቸው ነው።

«የውሃ አበባው ቅጠል ላይ ሰው ይቆማል»

የዚህ ወሬ ጥፋተኛ ፎቶ ነው። ሕፃን ልጅ ቅጠል ላይ ተቀምጦ የሚያሳዩ የቆዩ ፎቶዎች አሉ። ቅጠሉ በእርግጥ ግዙፍ ነው፤ ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ ሰፌድ በሉት፣ ትልቁ ከሁለት ሜትር በላይ ይሰፋል። ክብደት የሚችለው ግን በእኩል ከተዘረጋበት ነው። በአንድ እግር ብትረግጠው ይበሳል። ከሥሩ ደግሞ ወፋፍራም ጅማቶችና እሾህ አሉት። አበባው ምሽት ላይ ነጭ ሆኖ ይከፈታል፣ በሁለተኛው ምሽት ሮዝ ይሆናል፣ ከዚያ ያበቃለታል። እኩለ ቀን ላይ ደርሶ «አበባ የለም» ብሎ የሚያማርር ሰው አይቻለሁ፤ ሰዓቱ ነው እንጂ አበባውማ አለ።

እዚህ ላይ ልቤ ወደ ቆቃ ሄደ። በድሮው የሞጆ መንገድ ስትመጡ ቆቃ ላይ የምታዩት እምቦጭም የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። እኛ አገር መጀመሪያ የተመዘገበው እዚያው ቆቃ፣ በ1965 ነው። አንዱ የውሃ ተክል በአጥር ውስጥ ገንዳ ተሠርቶለት ቱሪስት ይስባል፣ ሌላው ዓሣ አስጋሪውን መረብ ያስጠቀልላል።

«ታሊፖት በየ60 ዓመቱ ያብባል»

«በየ» የሚለው ነው ስህተቱ። ይሄ ዘንባባ የሚያብበው በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው። ከ30 እስከ 80 ዓመት ድረስ ኃይሉን ያጠራቅማል፣ ከዚያ አናቱ ላይ ሜትሮች የሚረዝም የአበባ ዛፍ ያወጣል፣ ፍሬ ያፈራል፣ ይሞታል። አስጎብኚው ይሄን እንደ ትልቅ ተአምር ሲነግረን አብረውኝ የነበሩት ፈረንጆች አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ግን በሆዴ «ይሄማ እንሰት ነው!» አልኩ። እንሰትም አንዴ አብቦ አፍርቶ የሚደርቅ ተክል ነው። ሲዳማ ውስጥ በየጓሮው አለ፤ ከእሱ የሚሠራውን ቡርሳሜ የበላ ሰው ሁሉ ውለታውን ያውቃል። ልዩነቱ እንሰት እንደ ታሊፖት የሰው ዕድሜ አያስጠብቅም።

«ዶዶ አየህ?»

ይሄን ያለው ጓደኛዬ ሲጠይቀኝ አጠገባችን አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ቆሞ የአሳ አንጀት ይጠብቅ ነበር። ከዶዶ ይልቅ እሱን ማየት ይሻላል፤ ዶዶ ከ300 ዓመት በፊት አልቋል። ሆላንዶች በ1598 ደሴቷ ላይ ደረሱ፣ ብዙዎች የሚቀበሉት የመጨረሻ ምስክርነት ደግሞ የ1662 ነው። «ሰው በልቶ ጨረሰው» የሚለውም ሙሉ እውነት አይደለም። ከሰው ጋር የመጡት አይጥ፣ አሳማና ጦጣ እንቁላሉን ፈጁት፣ ጫካውም ተመነጠረ። እና ደግሞ የዶሮ ዘመድ አይደለም፤ የርግብ ዘመድ ነው።

ሌላ የሚጣፍጥ ወሬ አለ፦ «ታምባላኮክ የሚባለው ዛፍ ዶዶ ዘሩን ካልዋጠለት አይበቅልም።» ይሄን በ1977 የጻፈው ስታንሊ ቴምፕል የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። የቀሩት 13 ያረጁ ዛፎች ናቸው አለ። ዘሩን ተርኪ ለሚባለው ትልቅ ወፍ በግድ አብልቶ ሦስት አበቀለ። ነገር ግን ያልተበላውን ዘር ጎን ለጎን ተክሎ አላነጻጸረም። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሲያዩ ዛፉ ከ13 በላይ ነው፣ ከዶዶ በኋላ የበቀሉም አሉ፣ ዘሩም ማንም ሳይውጠው ይበቅላል። ታሪኩ ግን እስከ ዛሬ ይወራል፤ ሲወራ ደስ ይላላ።

«አንድ ሰዓት ይበቃል»

ከ30 ሄክታር በላይ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆይቼ ግማሹን ሳላየው ወጣሁ። የውጭ አገር ሰው የመግቢያ ይከፍላል። አስጎብኚ ያዙ፤ ብቻውን ለገባ ሰው ሁሉም ዛፍ ዛፍ ብቻ ነው።

«አንድ ችግኝ እንኳ አታመጣም ነበር?»

ይሄን የጠየቀኝ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ዳቶ አካባቢ ጓሮ አለው። ማዕከሉ ውስጥ ቅጠል መቁረጥ አይፈቀድም። ችግኝና ዘርም ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም፤ በሽታና ተባይ ይዞ ይገባል ተብሎ ይፈራል፤ እምቦጭን ያየ አገር ይሄ ሊገባው ይገባል። ይሄን ሁሉ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ «ቆይ፣ ያ በርበሬ የሚባለው ፈረንሳዊ ሰርቆ ሲያመጣ ታሪክ ተባለለት፣ እኔ ጠይቄ ባስመጣ ወንጀል ነው?» አለኝ።

መልሱን ሳስብ አሳው መጣ።