ሪቪው ጌቲንግ ምንድን ነው? ጣሪያ ሠሪዎችስ ለምን ይሳሳቱበታል?

ሪቪው ጌቲንግ ማለት አንድ ድርጅት ደንበኞቹን በኢንተርኔት አስተያየት እንዲሰጡ ከመጋበዙ በፊት ማን አመስግኖ፣ ማንስ ነቅፎ እንደሚጽፍ አስቀድሞ ለይቶ፣ አመስጋኞቹን ወደ አደባባይ፣ ነቃፊዎቹን ደግሞ ወደ ጓዳ የሚመራበት አሠራር ነው። ትርጉሙ ከዚህ አይሰፋም፤ ከዚህም አይጠብም። ይሁን እንጂ የጣሪያ ሥራ ድርጅቶች የደንበኞቻቸውን አስተያየት እንዴት ማብዛት እንደሚችሉ የሚመክሩ ሰዎች ቃሉን እንዳሻቸው ሲያጣምሙት አያለሁ፤ በቅርቡም አንድ መካሪ ይህንኑ አሠራር «የጥራት ማጣሪያ» እያለ ሲያሞካሸው ስላነበብሁ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። የንግድ ገጽ እንዴት እንደሚከፈት ወይም ኮከብ ለምን እንደሚጠቅም አላብራራም፤ የአስተያየቶች ብዛትና የኮከቦች ከፍታ ድርጅቱ በአካባቢ ፍለጋ ላይ በሚይዘው ደረጃ ውስጥ እንደሚገቡ ጉግል ራሱ ስለሚናገር በዚህ ላይ ክርክር የለም።

አሠራሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ግን በቅርብ መታየት አለበት። ሥራው በተጠናቀቀ ማግስት ለደንበኛው ስልክ አጭር መልእክት ይደርሳል፦ «ጣሪያዎን እንድንሠራልዎ ስለመረጡን እናመሰግናለን። ከ1 እስከ 10 ምን ያህል ረክተዋል?» 9ን ወይም 10ን የነካ ሰው ወዲያው የጉግል አምስቱ ኮከቦች ይከፈቱለታል። 6ን የነካው ደግሞ «ስላላረካንዎ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ቅሬታዎን እዚህ ይጻፉልን» የሚል ሣጥን ይመጣለታል፤ በሣጥኑ ውስጥ የሚጽፈው ቃል ከድርጅቱ ኢሜይል አያልፍም። ሰውየው ሐሳቡን በይፋ የሰጠ መስሎት ስልኩን ያስቀምጣል፤ ሌላ መንገድ መኖሩን የነገረው የለም። ለዚህ የግድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። የሥራ ተቆጣጣሪው መሰላሉን መኪናው ላይ እየጫነ ፊታቸው ለፈካ ደንበኞች ብቻ ሊንኩን የሚልክ ከሆነ፣ ያው ጌቲንግ ነው።

በቃሉ ላይ የሚታየው ስሕተት ሁለት ዓይነት ሲሆን የመጀመሪያው የፍርሃት ስሕተት ነው። አንዳንድ ባለ ድርጅቶች «አስተያየት መጠየቅ ተከልክሏል» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ይህ ልክ አይደለም፤ ጉግል ለደንበኛ የሚላክ ሊንክ ለንግድ ድርጅቶች ራሱ አዘጋጅቶ የሚሰጥ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልችልም፦ የልፕ (Yelp) የተባለው ሌላው የአስተያየት ድረ ገጽ ድርጅቶች ከናካቴው አስተያየት እንዳይጠይቁ ስለሚመክር፣ በጉግል ላይ ትክክል የሆነው ልማድ በየልፕ ላይ ትክክል አይሆንም። የገጾቹን ደንብ አንድ አድርጎ ማየት ራሱን የቻለ የስሕተት ምንጭ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከላይ የጠቀስሁት መካሪ የሚያራምደው ነው። ክርክሩ ሲጠቃለል «ያልረካ ደንበኛ ቅሬታውን በአደባባይ ከመናገሩ በፊት ለእኔ ቢነግረኝና ባስተካክልለት ምን ክፋት አለው?» የሚል ነው። ምንም ክፋት የለውም። ቅሬታን መስማት፣ ሰው ልኮ ማሳየትና ማስተካከል የማንኛውም ጣሪያ ሠሪ ግዴታ ነው፤ ይህን የሚከለክል ደንብም የለም። ጥፋቱ ያለው ወደ ይፋዊው ገጽ የሚወስደው መንገድ ደንበኛው በሚሰጠው መልስ ላይ እንዲመሠረት በመደረጉ ነው። ለሁሉም ደንበኛ አንድ መልእክት ይላክ፤ በዚያው መልእክት ውስጥ ወደ ጉግል የሚወስደው ሊንክም፣ ችግር ካለ የሚደወልበት ስልክም ይኑር፤ ከዚያ በኋላ የትኛውን እንደሚጠቀም ደንበኛው ይምረጥ። በሁለቱ አሠራሮች መካከል ያለው ልዩነት በመልእክቱ ላይ የአንድ መስመር ያህል ብቻ ቢመስልም፣ መካሪው ሊያየው ያልፈለገው መስመር ይኸው ነው።

ነገሩን ከራሳችን ሥራ በወሰድሁት ምሳሌ ላስረዳ። ጣሪያ ያፈሳል ተብሎ ስንጠራ፣ ዝናብ በሌለበት ወቅት የምናደርገው የውኃ ፍተሻ አለ። አንድ ሰው የውኃ ጎማ ይዞ ጣሪያው ላይ ይወጣል፤ ሌላው ባትሪ ይዞ ከኮርኒሱ በላይ ይገባል። ውኃው ከታችኛው ጠርዝ ይጀመርና በየቦታው ጥቂት ደቂቃ እየቆየ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከላይ ከተጀመረ ውኃው በሁሉም መገጣጠሚያ ላይ ስለሚወርድ የትኛው እንዳስገባ መለየት አይቻልም። እንግዲህ ጌቲንግ የሚያደርግ ድርጅት ጎማውን ይዞ የክዳኑን ሜዳ ብቻ እያጠጣ «አያፈስም» የሚል ሠራተኛ ነው። የክዳኑ መሐል ድሮም አያፈስም። የሚያፈሰው ጣሪያው ከግድግዳ ጋር የሚገናኝበት፣ የጭስ መውጫው ዙሪያ፣ ሁለት ተዳፋቶች ተገናኝተው ውኃ የሚሰበስቡበት ቦታና የምስማሩ ራስ ነው። ፍተሻው እነዚህን ካልነካ ተፈተሸ አይባልም።

ምሳሌው ከዚህም አልፎ ይሄዳል። በኮርኒስ ላይ የሚታየው የውኃ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከቀዳዳው ትክክል በታች አይገኝም፤ ውኃው በማገሩ ላይ ተንሸራቶ ራቅ ካለ ቦታ ይንጠባጠባል። የደንበኛም ቅሬታ እንደዚሁ ነው። «ሠራተኞቹ ሁለት ቀን አዘገዩኝ» ብሎ 3 ኮከብ የሰጠ ሰው የሚያሳየን ምልክቱን ነው፤ ቀዳዳው ግን ክዳኑ ከአቅራቢው መዘግየቱን ቢሮው እያወቀ ለደንበኛው አለመደወሉ ሊሆን ይችላል። ምልክቱን በቀለም የሸፈነ ሰው ቀዳዳውን የሚያገኝበትን ብቸኛ ፍንጭ አጠፋ ማለት ነው። (የውኃ ፍተሻው ራሱም ቢሆን ሙሉ ዋስትና እንዳልሆነ ልጠቁም፤ ነፋስ ወደ ጎን የሚገፋውን ዝናብ ጎማ በትክክል አይተካውም። ስለዚህ «በጎማ ፈትሼዋለሁ» የሚለውን ቃል ለደንበኛ እንደ ማረጋገጫ አድርጎ መስጠት አይገባም።)

ደግሞስ ማጣሪያው የሚያስቀረው ማንን ነው? እጅግ የተቆጣ ደንበኛ ሊንክ አይጠብቅም፤ የድርጅቱን ስም ራሱ ፈልጎ ገጹን ከፍቶ 1 ኮከብ ይሰጣል። በማጣሪያው የሚቀረው መካከለኛው ሰው ነው፤ ይኸውም ሥራውን ወድዶ ነገር ግን በግቢው ውስጥ ምስማር ያገኘ፣ ወይም አሸንዳው ሳይጸዳ መቅረቱን ያየ፣ 4 ወይም 3 ኮከብ ሰጥቶ ዝርዝር ነገር ሊጽፍ ይችል የነበረ ሰው ነው። ስለዚህ በገጹ ላይ የሚቀሩት «በጣም ጥሩ!» የሚሉ ባለ 5 ኮከቦችና የጥቂት ቁጡዎች 1 ኮከቦች ብቻ ይሆናሉ። ጣሪያውን ለማሠራት ለሚያስብ አንባቢ ደግሞ የሚጠቅመው የመካከለኛው ሰው ጽሑፍ ነበር።

ሒሳቡም ለማጣሪያው አያደላም። ጣሪያ እንደ ቡና ቤት በየቀኑ ብዙ መቶ ደንበኛ የሚስተናገድበት ሥራ አይደለም፤ አንድ ቤት ክዳኑን የሚለውጠው በአሥርት ዓመታት አንድ ጊዜ ነው። በዓመት 40 ጣሪያ የሚሠራ ድርጅት አጣርቶ 10 ባለ 5 ኮከብ አስተያየት ቢሰበስብና አንድ የተቆጣ ሰው በራሱ መጥቶ 1 ኮከብ ቢጨምር፣ አማካዩ ወደ 4.6 ይወርዳል። ያው ድርጅት ሁሉንም ጠይቆ ሁሉም ቢመልሱለት፣ 36ቱ 5፣ ሦስቱ 4፣ አንዱ 1 ቢሰጡ፣ አማካዩ 4.8 ይሆናል። ከተጠየቁት ሁሉ መልስ እንደማይገኝ የታወቀ ነው፤ ቁጥሮቹን ያስቀመጥሁት አንድ መጥፎ አስተያየት የሚያሳድረውን ጫና የሚያቀልለው የአስተያየቶቹ ጠቅላላ ብዛት መሆኑን ለማሳየት ነው።

ስለ ደንቡም በትክክል መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መካሪው «ሕግ አይከለክለውም» በሚል አንድ ሐረግ ሁሉንም ሊያልፈው ይፈልጋል። ጉግል አሉታዊ አስተያየትን ማደናቀፍንም ሆነ አዎንታዊውን ብቻ እየመረጡ መጠየቅን በ2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በግልጽ ከልክሏል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ለነጋዴዎች ባወጣው መመሪያ ጥሩ ይጽፋሉ ተብለው ከሚታሰቡ ሰዎች ብቻ አስተያየት እንዳይጠየቅ ያሳስባል። ይኸው ኮሚሽን ፋሽን ኖቫ የተባለው የልብስ ሻጭ በ2022 (እ.ኤ.አ.) 4.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማበትን ጉዳይ ይዞ ነበር፤ ነገር ግን ያ ጉዳይ በራስ ድረ ገጽ ላይ ከ4 ኮከብ በታች የተሰጡ አስተያየቶችን ሳያወጡ አፍኖ በመያዝ የቀረበ ክስ እንጂ ጌቲንግ አልነበረም። ሁለቱን አንድ አድርገው የሚጠቅሱ ጽሑፎች አሉና ልዩነቱን መያዝ ይገባል፦ አንደኛው የተጻፈውን መደበቅ ነው፤ ሌላው እንዳይጻፍ መንገድ ማሳት ነው።

ከዚህ ጋር የሚቀላቀለው ሌላው ጉዳይ ማበረታቻ ነው። ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኮሚሽኑ ደንብ ሐሰተኛ አስተያየትን፣ እንዲሁም አስተያየቱ አዎንታዊ ወይም አሉታዊ እንዲሆን ተብሎ የሚሰጥን ክፍያ ይከለክላል፤ ጉግል ግን ከዚያ አልፎ ለአስተያየት ሲባል የሚሰጥን ቅናሽም ሆነ ስጦታ በጠቅላላ አይፈቅድም። ስለዚህ «ጥሩም መጥፎም ይጻፉ፣ አሸንዳዎን በነጻ እናጸዳለን» የሚለው ግብዣ ቅን ቢመስልም በጉግል ዘንድ ጥሰት ነው። አሸንዳ ማጽዳቱ መልካም ልማድ ነውና ይቀጥል፤ ከአስተያየቱ ጋር ግን አይያያዝ።

እንግዲህ ሁሉም የሚጠየቅ ከሆነ የሚቀረው ጥያቄ መቼ ይጠየቅ የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ለምግብ ቤትና ለፀጉር ቤት የተጻፈው ምክር ለእኛ አይሠራም። ደንበኛው ጣሪያው ላይ አይወጣም፤ ሥራው ባለቀበት ቀን ሊመሰክር የሚችለው ስለ ሰዓት አክባሪነት፣ ስለ ጽዳትና ስለ ሠራተኞቹ ጠባይ ብቻ ነው። ጣሪያው መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው ነፋስ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ነው። በዚህ ምክንያት ሥራው ሲያልቅ፣ ግቢው በማግኔት ተጠርጎ ደንበኛው ሊያየው የማይችለው ቦታ ሁሉ በፎቶግራፍ ከታየው በኋላ ሁሉንም መጠየቅ፣ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ ለሁሉም ደውሎ «እንዴት ሆነ?» ማለት የተሻለ ነው። አንድ ሰው የጻፈውን አስተያየት በኋላ ማሻሻል ስለሚችል ሁለተኛው ስልክ ሳይጽፍ ለቀረውም፣ ለጻፈውም ይጠቅማል። ይህ ስልክ መልሶ ማጣሪያ እንዳይሆን ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ «አያፈስም» ላለው ብቻ ሊንኩን የሚልክ ሰው በመስኮት ያስወጣውን በበር አስገባው።

በስተመጨረሻ መጥፎው አስተያየት መጥቷል እንበል። በቆርቆሮ ክዳን ሥራ ደጋግሞ የሚመጣው «አዲሱ ጣሪያ በሳምንቱ ያፈስሳል» የሚለው ነው፤ ከዚህም ውስጥ አንዳንዱ ፍሳሽ ሳይሆን ከቤቱ የሚወጣው እርጥበት በሌሊት ከቀዘቀዘው ቆርቆሮ በታች ጤዛ ሆኖ የሚንጠባጠበው ነው። ዝናብ ባልነበረበት ጠዋት የሚታይ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ነገር ግን ወጥቶ ሳያዩ በይፋ «ጤዛ ነው» ብሎ መመለስ ደንበኛውን እንደ ውሸታም መቁጠር ይሆናል፤ ደግሞም ጤዛ ቢሆን እንኳ የአየር መተላለፊያ ሳይተው ክዳኑን የደፈነው ሠራተኛ ከኃላፊነት አያመልጥም። መልሱ አጭር ይሁን፦ ሰው የሚላክበት ቀን፣ ከፍተሻው በኋላም የተገኘውና የተሠራው ነገር። አስተያየቱን ለጉግል አመልክቶ ማስነሣት የሚቻለው የገጹን ደንብ የጣሰ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ጽሑፉ ሐሰተኛ ከሆነና ጸሐፊው በድርጅቱ ሥራ ምንም ገጠመኝ ያልነበረው ሰው ከሆነ። «ከሌሎች ይወደዳሉ» ብሎ 2 ኮከብ የሰጠ እውነተኛ ደንበኛ ግን ደንብ አልጣሰም፤ ለእርሱ በዋጋው ውስጥ የተካተተውን መዘርዘር ነው፦ አሮጌውን ክዳን አንሥቶ መጣል፣ የበሰበሰውን እንጨት መለወጥ፣ የመገጣጠሚያ ቆርቆሮዎቹን አዲስ ማድረግና ለሥራው በጽሑፍ የተሰጠው ዋስትና።