ብሬኪንግ ቼንጅ ምንድን ነው?

«ኮምፓይል አድርጓል፣ ቴስቱም አልፏል፤ ስለዚህ ብሬኪንግ ቼንጅ የለውም።» የሎግ ላይብረሪ (ፕሮግራም ሲሠራ የሆነውን መዝግቦ የሚያስቀምጥ፣ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) ለውጥ በተገመገመ ቁጥር ይህችን እሰማለሁ። አሁንስ ታከተኝ።

ብሬኪንግ ቼንጅ ማለት ላይብረሪውን ተማምኖ የቆመ የሌላ ሰው ፕሮግራም፣ ትናንት ያደርግ የነበረውን ዛሬ እንዳያደርግ የሚያደናቅፍ ለውጥ ነው። የእናንተ ቴስት ደግሞ የዚያን ሰው ፕሮግራም አያውቀውም።

ኢንተርፌስ፣ ማለትም አንድ ኮድ ሊኖሩት የሚገቡ ፈንክሽኖች ዝርዝር፣ ሲነካ ነገሩ ለማየት ቀላል ነው። ጎላንግ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በአንድ ኢንተርፌስ ሜተድ (ፈንክሽን) ብትጨምሩ፣ ያንን ኢንተርፌስ በራሳቸው ኮድ ያሟሉ ሁሉ በማግስቱ ኮምፓይል ማድረግ ያቅታቸዋል። «ጨመርኩ እንጂ መች ቀነስኩ» አያዋጣም። ጃቫ 8 እ.ኤ.አ. በ2014 ዲፎልት ሜተድ (ሜተዱን ላልጻፈ ሰው ዝግጁ ኮድ የሚሰጥ) ይዞ የመጣው ለዚሁ ጣጣ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ «ፐርፎርማንስ ብቻ ነው» ተብሎ የሚመጣው ነው። ለምሳሌ ሎጉን አሲንክ እናድርገው ይባላል። መልእክቱ ወዲያው ፋይል ላይ አይጻፍም፤ ወረፋ ይይዛል፣ ሌላ ትሬድ (በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ቆይቶ ይጽፈዋል። ጥሪው ይፈጥናል፣ አልክድም። ግን ፕሮግራሙ ድንገት ሲሞት ወረፋ ላይ ያለውም አብሮ ይሄዳል። ሎግ ከምንም በላይ የሚፈለገው ደግሞ ለዚያች ለመጨረሻዋ መስመር ነው። ሌላም አለ። ጽሑፉ የሚቀናበረው ኋላ ከሆነና ኦብጀክቱ በመሃል ከተቀየረ፣ ሎጉ አዲሱን ዋጋ ያሳያል። ክፍያው «በሂደት ላይ» ሳለ የጻፋችሁት መስመር «ተከፍሏል» ብሎ ይወጣል። የአንድም ፈንክሽን ስም፣ አንድም ፓራሜትር አልተነካም።

ከፒያሳ ለገሃር የሚወርድ ሚኒባስ አስቡ። ረዳቱ የሚጮኸው «ለገሃር! ለገሃር!» ብቻ ነው። መንገዱ ግን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስለሆነ ፖስታ ቤት ጋ «ወራጅ አለ» የሚል አይጠፋም። አንድ ቀን ሾፌሩ ቶሎ ልድረስ ብሎ በሌላ መንገድ ይቆርጣል። ለገሃር ደርሷል፣ ሒሳቡም ያው ነው። ፖስታ ቤት የምትሠራዋ ግን ሽቅብ በእግሯ ትመለሳለች። «ፖስታ ቤት አደርስሻለሁ ብያለሁ?» ቢላት አልዋሸም። ረዳቱ ከጎን ሆኖ «ዛሬ እኮ ፈጠንን!» ይላታል። እሱ ቤንችማርኩ ነው፣ ፍጥነት ብቻ የሚለካው።

ሃይረም ራይት የተባለው መሐንዲስ በስሙ የሚጠራ ሕግ አለው፦ ተጠቃሚ ከበዛ፣ ቃል የተገባውም ያልተገባውም ባህሪ ላይ የሚደገፍ ሰው አይጠፋም። «ሰነዱ ላይ ካልተጻፈ ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው» የምትለኝ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መች ጠየቅኩህ? ይሰበራል ወይስ አይሰበርም ነው ጥያቄው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን የጃቫ ሎግ ላይብረሪ፣ ኤስኤልኤፍ4ጄ 2.0ን ተመልከት። የቀየረው ሎጉን የሚጽፈውን አካል ፈልጎ የሚያገኝበትን መንገድ ነው። ሎግ የምትጠራበት ኮድ እንዳለ ነው። አሮጌውን ባይንዲንግ (ከሎግ ጸሐፊው ጋር የሚያገናኘውን ኮድ) ይዞ አዲሱን ያስገባ ሰው ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ማስጠንቀቂያ ያትማል፣ ከዚያ ሎጉ ጭጭ። እነሱ ግን ዋናውን የስሪት ቁጥር (የመጀመሪያውን አኃዝ) ቀይረው ነው ያደረጉት።

መስበር ሁሌ ክፉ ነው አላልኩም። ሌላው የጃቫ ሎግ ላይብረሪ ሎግ4ጄ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ያ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝበት፣ ስሪት 2.16.0 በመልእክት ውስጥ የሚሠራውን ሉክአፕ (በጽሑፉ መሃል ያለን ምልክት ከሌላ ቦታ ባመጣው ዋጋ የሚተካውን) ጭራሽ አውጥቶ ጣለው። የሚጠቀምበት ሰው ተሰበረበት። ይሰበርበት!

ቤንችማርክ ስታመጡም፣ እባካችሁ፣ ወደ ዴቭ ነል (የተጻፈበትን ሁሉ ወደሚጥለው ባዶ ፋይል) የተጻፈ ሎግ ስለ ዲስክ ምንም አይነግረኝም። ጄቪኤሙ (የጃቫ ፕሮግራም የሚያስኬደው) ሳይሞቅ የተለካ ቁጥርም እንደዚያው።

አሲንኩን የምትፈልጉት ከሆነ በአማራጭ አምጡት፣ የፈለገ ያብራው። ዲፎልት የሚሆነው ዋናው የስሪት ቁጥር ሲቀየር ነው። ወረፋው ሲሞላ ጠሪው ይጠብቅ ወይስ መልእክቱ ይጣል የሚለውም አብሮ ይጻፍ፤ ያለዚያ አላጸድቅም።