የዋልታው መንገድ የጎንደርን ጭነት አያሳጥርም

ትራንዚተር ነኝ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለችው ቢሮዬ ተቀምጬ ከጅቡቲ የሚገባ ዕቃ ሰነድ ስከታተል እውላለሁ። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ደንበኛ በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ አለ። «የሰሜን ዋልታ በረዶ ቀልጦ አዲስ የመርከብ መንገድ ተከፍቷል አሉ። የቻይና ዕቃ በ20 ቀን ሊገባልን ነው?» ለአንዱ አስረድቼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። በቃ ልጻፈው አልኩ። ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ወሬው መነሻ አለው። በ2025 መስከረም መጨረሻ ኢስታንቡል ብሪጅ የተባለ ኮንቴነር ጫኝ መርከብ ከቻይና ኒንግቦ ተነሳ። የሩሲያን ሰሜናዊ ጠረፍ ይዞ በ20 ቀን ገደማ እንግሊዝ አገር ፊሊክስቶው ደረሰ። እውነት ነው፣ ትልቅ ዜናም ነው። ከጃፓን ዮኮሃማ እስከ ሆላንድ ሮተርዳም በስዊዝ ቦይ ወደ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። በሰሜኑ ወደ 13 ሺህ ይወርዳል።

ግን ልብ በሉ፤ ከኒንግቦ እስከ ፊሊክስቶው ነው። የእኛ ወደብ በመሀሉ የለም።

«ታዲያ ለእኛም ያጥራል» የሚለው ነው የሚያበሽቀኝ። ካርታ ዘርጉ። ከሻንጋይ የተነሳ መርከብ ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ በሲንጋፖርና በማላካ በኩል ያልፋል፣ የህንድ ውቅያኖስን ያቋርጣል፣ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይገባል፣ ጅቡቲ ይደርሳል። ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። የስዊዝን ቦይ ጭራሽ አያየውም። ስዊዝ ከጅቡቲ ወዲያ፣ ቀይ ባሕር ማብቂያው ላይ ነው ያለው። ያልሄድንበትን መንገድ ምን ያሳጥርልናል? ያው መርከብ በዋልታው ዞሮ ይምጣ ብንል መጀመሪያ አውሮፓ ይደርሳል። ከዚያ በሜዲትራኒያን፣ በስዊዝ፣ በቀይ ባሕር አድርጎ ወደ ታች ይወርዳል። እጥፍ መንገድ ነው። ከጎንደር መተማ ለመሄድ በአዲስ አበባ እንደ መዞር ማለት ነው። ከአውሮፓ የሚመጣው ዕቃም ቢሆን በስዊዝ ነው የሚመጣው። ዋልታው አይመለከተውም።

ቅዳሜ ገበያ ጫማ የሚሸጡ አንድ ትልቅ ሰው ደንበኛዬ ናቸው። ለጥምቀት የሚሆን ጫማ ከቻይና ሊያስመጡ ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ጫፍ ደርሰው ነበር። ያን ዜና ሰሙና «ልጄ፣ ትንሽ ልቆይ፣ መንገዱ ሲከፈት ዋጋው ይወርዳል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ያ መንገድ ወደ እኛ አይመጣም» አልኳቸው። የሚያምኑት ሰው ግን ሌላ ነግሯቸው ነበር። ስድስት ሳምንት ቆዩ። ኮንቴነሩ ጅቡቲ የደረሰው ታቦት ከገባ በኋላ ነው። ጥምቀት ለጎንደር ነጋዴ ምን እንደሆነ የምታውቁት ነው። ጫማው ዛሬም መጋዘን አለ። ባየኋቸው ቁጥር ይቆጨኛል።

«ስዊዝና ቀይ ባሕር አበቃላቸው» የሚሉም አሉ። አላበቃላቸውም። በ2023 በስዊዝ ያለፉት መርከቦች ከ26 ሺህ በላይ ናቸው፤ ጭነቱም ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ። በሰሜኑ መንገድ በ2024 የተጓጓዘው በሙሉ ወደ 38 ሚሊዮን ቶን ነው። አብዛኛው ደግሞ የሩሲያ የራሷ ጋዝና ነዳጅ ነው። ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠው 3 ሚሊዮን ቶን ገደማ ብቻ ነው።

መንገዱም ዓመቱን ሙሉ ለተራ መርከብ ክፍት አይደለም። ከሐምሌ እስከ ኅዳር ገደማ ነው። በ2021 ኅዳር ውሃው ቀድሞ ረጋና ከ20 በላይ መርከቦች በረዶ መሀል ተይዘው ቀሩ። በረዶ ሰባሪ መርከብ ነው ሄዶ ያወጣቸው። ከሩሲያ ጠረፍ አጠገብ ያሉት አንዳንድ መተላለፊያዎች ጥልቀታቸው 13 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግዙፎቹ ኮንቴነር ጫኞች አያልፉም። ትልቁ የመርከብ ኩባንያ ሜርስክ በ2018 ቬንታ ሜርስክን በዚያ ልኮ ሞክሮ ነበር። ሙከራ እንጂ የመደበኛ መስመሩ ምትክ እንዳልሆነ የተናገረው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አልክድም። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ መርከቦች በቀይ ባሕር ጥቃት ሲፈጸምባቸው ብዙዎቹ በደቡብ አፍሪካ ዞሩ። ጉዞው ሲረዝም መርከብና ኮንቴነር አነሰ፣ ዋጋውም ናረ። ያ ለእኛም ደርሶናል። ስዊዝን ሳንነካው የስዊዝ ችግር ኪሳችን ገባ። በዓመት ጥቂት ወር ብቻ በሰሜን የሚያልፉ ጥቂት መርከቦች ግን ያን ያህል ዋጋ አያወርዱም።

«በረዶው አልቋል» ለምትሉ፦ እስካሁን ዝቅተኛ በሆነበት በመስከረም 2012 እንኳ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። የኢትዮጵያን ስፋት ሦስት እጥፍ ነው።

«የሰሜኑ በረዶ ሲቀልጥ ባሕሩ ይሞላና ጅቡቲ ትሰጥማለች» የሚሉም አሉ። እዚህ የቋንቋችንም ነገር አለበት። ጤፉ ላይ የሚወርደውም በረዶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ፣ የዋልታውም በረዶ። ስለዚህ ይምታታል። በሰሜን ዋልታ ያለው ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ በረዶ ነው። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በረዶ ጨምራችሁ ጠብቁ፤ ሲቀልጥ ውሃው አይፈስም። የሚያስፈራው መሬት ላይ የተከመረው ነው። የግሪንላንዱ በሙሉ ቢቀልጥ ባሕሩን 7 ሜትር ገደማ ከፍ ያደርጋል። የደቡብ ዋልታው ደግሞ 58 ሜትር ገደማ። ይህ በአንድ ትውልድ የሚሆን አይደለም። ግን ከ1900 ወዲህ ባሕሩ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጨምሯል፤ ውሃው ራሱ ሲሞቅ ስለሚለጠጥም ጭምር ነው። ዝቅ ያለ ጠረፍ ላይ ያለ ወደብ ይህን ቀልድ ብሎ አያልፈውም።

ሌላው የባለቤትነቱ ነገር ነው። «ሩሲያ ባንዲራ ተክላ ወስዳዋለች» ይባላል። በ2007 ከ4,200 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ባንዲራ መትከሏ እውነት ነው። ባንዲራ ግን በሕግ ምንም አይሰጥም። አገር ከጠረፉ እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ የሀብት መብት አለው። ከዚያ በላይ የባሕሩ ወለል የየብሱ ቅጥያ መሆኑን በጥናት ማሳየት አለበት። ሩሲያ፣ ካናዳና ዴንማርክ ያቀረቡት ጥያቄ እርስ በርሱ ይደራረባል።

ለመርከብ የሚያሳስበው ክርክር ግን ማን ያሳልፋል የሚለው ነው። ካናዳ በደሴቶቿ መሀል የሚያልፈውን የሰሜን ምዕራብ መተላለፊያ የውስጥ ውሃዬ ነው ትላለች። አሜሪካ ዓለም አቀፍ መተላለፊያ ነው ትላለች። በ1988 የአሜሪካ በረዶ ሰባሪዎች የካናዳን ፈቃድ ጠይቀው እንዲያልፉ ተስማሙ፤ የባለቤትነቱን ክርክር ግን ሁለቱም አልተዉም። ሩሲያም በበኩሏ በጠረፏ የሚያልፈውን ፈቃድ አምጣ ትላለች። የ1982ቱ የባሕር ሕግ አንቀጽ 234 በረዶ ለበዛበት ባሕር ጠረፈኛው አገር የብክለት ደንብ እንዲያወጣ ይፈቅዳል። ደንቡ እስከ የት ይሄዳል የሚለው ላይ ነው የማይስማሙት።

አሁን ወደ እናንተ ዕቃ። የዋልታውን ዜና ትታችሁ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት። ከየትኛው ወደብ ይጫናል? መቼ ይነሳል? የት ወደብ ላይ ወደ ሌላ መርከብ ይዛወራል? የመጨረሻውን ብዙ ሰው አይጠይቅም። የኦማኗ ሳላላ ወይም የዱባዩ ጀበል አሊ ከሆነ ከቀይ ባሕር ውጭ ነው። ጂዳ ከሆነ ግን ዕቃችሁ ጅቡቲን አልፎ የቀይ ባሕርን ደቡባዊ በር ባብ ኤል መንደብን ይሻገራል፣ ከዚያ ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ለበዓል የምታስመጡት ከሆነ ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ቢያንስ ሦስት ወር ያዙ፤ ጅቡቲ ላይ ዲመሬጅ (ኮንቴነር ሲዘገይ የሚከፈል ቅጣት) የማይቆጠርባችሁ ስንት ቀን እንደሆነም ከመርከብ ወኪሉ በጽሑፍ ተቀበሉ።