«የጠገበ» ውሃ ምንድን ነው?

ትናንት ማታ ታናሽ እህቴ የኬሚስትሪ ደብተሯን ይዛ ማድቤት ገባች። አንድ የጨው ውሃ ያልጠገበ፣ የጠገበ ወይስ ከልክ በላይ የጠገበ መሆኑ በምን ይታወቃል? ቀመር ነበር የምትጠብቀው። እኔ የጨው ዕቃውን አቀበልኳት።

«ቆንጠር አድርገሽ ጨምሪበትና አማስዪው።»

ቁንጥሯ ሟምታ ከጠፋች ውሃው ገና አልጠገበም። ታች ወርዳ ከተኛች፣ ብታማስዪያትም እምቢ ካለች፣ ጠግቧል። መጠገብ ማለት ይኸው ነው፤ ውሃው በዚያ ሙቀት መያዝ የሚችለውን ያህል ይዟል።

100 ሚሊ ሊትር ውሃ ለክተን ጀመርን። በ25 ዲግሪ ይህን ያህል ውሃ 36 ግራም ገደማ ጨው ያሟማል። ሚዛን ስለሌለን ባልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ሄድን፤ አንዱ ወደ 6 ግራም ይይዛል። እስከ አራተኛው ቶሎ ቶሎ ጠፋ። አምስተኛው አለፋን። ሰባተኛው ታች ተኝቶ ቀረ። እህቴ ግን ሦስተኛው ላይ «ጠገበ!» ብላ ነበር። ስላላማሰለችው ነው።

ሦስተኛው ዓይነት፣ ከልክ በላይ የጠገበው፣ ይለያል። ሲያዩት ጥርት ያለ ነው፤ ካልጠገበው በዓይን አይለይም። ግን ጥጋበኛ ነው። ጥጋበኛ ሰው በትንሽ ነገር እንደሚነሳው፣ እሱም አንዲት ቅንጣት ስትወድቅበት ከልክ በላይ የያዘውን መትፋት ይጀምራል። ታች የሚከማቸው እኛ ከጨመርነው ይበልጣል። የሚሠራው በሙቅ ውሃ ብዙ አሟምቶ ሳይነካኩ በማቀዝቀዝ ነው።

የገበታ ጨው ለዚህ አይመችም። በ100 ዲግሪ እንኳን የሚሟማው 39 ግራም ገደማ ነው። ሲቀዘቅዝ የሚተርፈው እዚህ ግባ አይባልም። ስኳር ግን በዚያው መጠን ውሃ በ20 ዲግሪ 200 ግራም፣ በ100 ዲግሪ 490 ግራም ሊጠጋ ይችላል።

ጥጋበኛውን ማየት ለሚፈልግ ማር አለ። ደህና ማር ውስጥ ያለው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው፤ የተሸከመው ስኳር ከአቅሙ በላይ ነው። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ፈሳሽ ሆኖ የሰነበተ ማር የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ብርድ ውስጥ ሲከርም ሊረጋ ይችላል። እኛ ደግሞ «ስኳር ደባልቆበት ነው» ብለን ሻጩን እናማለን። መርጋቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ንጹህ ማርም ይረጋል፤ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቢያስቀምጡት ይመለሳል።

«እና ፈሳሹ ማር ላይ ምን ልጨምርበት?» አለች።

«ከረጋው አንድ ማንኪያ። ደባልቂውና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪው። እማዬ እንዳትሰማ ብቻ።»