ከአህያ ጋር የዋለችው ጊደር ምን ሆና መጣች?

ሰሞኑን አንድ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። አሠልጣኙ ሞቅ ብሎታል። «አካባቢህን ቀይር፣ ሌላ ሰው ትሆናለህ!» ይላል። ለማስረጃም ተረት ጣል አደረገ፤ «አባቶቻችን እንዳሉት፣ ከአህያ ጋር የዋለች ላም መጥፎ ነገር ተምራ መጣች።» ጭብጨባው ቀለጠ።

የምን ላም? ተረቱ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» ነው። ፈሱን ለጨዋነት ሲል ዋጠው እንበል። ጊደሯን ላም ማድረግ ግን ምን ይሉታል? ከሁሉ የባሰው ደግሞ ድምዳሜው ነው። ይህ ተረት «ሌላ ሰው ትሆናለህ» ብሎ አያውቅም።

ከብት ጠብቆ ያደገ ሰው ጊደር ለምን እንደተመረጠች አይጠፋውም። ጥጃ ከደጃፍ ብዙ አትርቅም። የሚጠብቃትም ለትልቁ ከብት ገና ያልደረሰ ሕፃን ነው። ላም ደግሞ ቤቷን ታውቃለች። ጥጃዋ በረት ውስጥ አለ፣ ጡቷ አግቷል፣ ሲመሽ ማንም ሳይነዳት ወደ ቤት ታቀናለች። ጊደር በሁለቱ መካከል ናት። ጡት ትታለች፣ ገና አልወለደችም። ወደ ኋላ የሚስባት እናት የለም፣ ወደ ቤት የሚጠራት ጥጃ የለም። ከፊቷ የቀደመውን ሁሉ ትከተላለች። እረኛ ማታ መንጋውን ሲቆጥር አንድ ከጎደለ መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሷን ነው። ስለዚህ ተረቱ የጉርምስና ተረት ነው። ላም ካላችሁት ነገሩ ሁሉ ይበላሻል፤ ላም ማንንም አትከተልም፣ የራሷ ጉዳይ አላት።

አህያዋስ? ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ አገር ናት። ይህን ያህል አህያ ይዘን ግን ለአህያ የራሷ እረኛ ሲመደብላት ብዙ አይታይም። በገበያ ቀን ጭነት ትሸከማለች። በሌላው ቀን ለቀቅ ይደረግላታል። ወተት አትታለብ፣ እንደ በሬ ለማረሻ አትፈለግ፤ ማን ይከተላታል? ማታ ጅብ እንዳይበላት ካስገቧት በቂ ነው። ከከብቱ ጋር ትወጣለች፣ ከዚያ በኋላ የፈለገችበት ትሄዳለች። ለጊደር ከዚህ የበለጠ የሚያማልል ጓደኛ ከየት ይመጣል?

ወደ ፈሱ እንምጣ። የተረቱ ባለቤት አስተዋይነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከብት ያመሰኳል። ጊደር የጋጠችው ሣር በዋናነት የሚብላላው ጨጓራዋ ውስጥ ነው። ጋዙም ተመልሶ በአፏ ይወጣል፤ ታገሳለች። የከብት ሚቴን የአየር ንብረትን እንዴት እንደሚነካ የሚያጠኑ ሰዎች እንደለኩት፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚወጣው ከፊት እንጂ ከኋላ አይደለም። አህያ ግን አታመሰኳም። የእሷ ሣር የሚብላላው ጨጓራን አልፎ ትልቁ አንጀት ከደረሰ በኋላ ነው። ጋዙም ቅርብ በሆነው በር ይወጣል። ጭነት ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ከኋላዋ የሄደ ሰው ማስረጃ አይጠይቅም። እንግዲህ ተረቱን ያመጣው ሰው ሁለቱን እንስሳት ጎን ለጎን አይቷል። ያለ ቤተ ሙከራ፣ በጆሮውና በአፍንጫው ብቻ።

ይህ ሰው ማን ነበር? የተረቱ ምንጭ ቤተ ክህነት ነው የሚሉ አሉ። ኦሪት ዘዳግም 22፥10 በሬና አህያ አንድ ላይ ተጠምደው እንዳይታረስባቸው ይከለክላል። ኦሪት ዘሌዋውያን 11 ደግሞ የሚያመሰኳውን ሰኮናው ከተሰነጠቀ ይፈቅዳል፤ አህያ ሁለቱም የላትም። ንጹሑ ከርኩሱ ጋር ዋለ፣ ተበላሸ፤ ሐሳቡ ይገጥማል። እኔን ግን አያሳምነኝም። ደብተራ ቢሆን ኖሮ ፈሱን በወርቁ ውስጥ ይደብቀው ነበር እንጂ እንዲህ ሜዳ ላይ አይጥለውም።

የኔ ግምት ሌላ ነው። ተረቱ የተወለደው መስከረም ላይ፣ በረት በር ላይ ነው ባይ ነኝ።

ልጅ ሆኜ ክረምቱን አያቴ ቤት ነበር የማሳልፈው። ማታ ከብቱ ሲገባ አያቴ በረቱ በር ላይ ይቆማል። ቆጠራ ብቻ አይደለም የሚያደርገው። የእያንዳንዷን የግራ ጎን ያያል፤ ጨጓራው በዚያ በኩል ነው። ጎኗ አበጥ ያለች ካየ የአጎቴን ልጅ ይጠራዋል።

«የት አዋልካት?»

«መስክ ላይ፣ አባባ።»

«ጤዛው ሳይረግፍ?»

የአጎቴ ልጅ ጆሮውን ያሻል። ይህ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም። ክረምቱ ሲወጣ ረግረጋማው መስክ ላይ ማገጥ የሚባል የግጦሽ ተክል ይበቅላል። ለምለም ነው፣ ከብት ይሞትለታል። ግን ጤዛ እንዳዘለ በባዶ ሆዱ ከጋጠው፣ ከብቱ ራሱ ይሞትበታል። ጋዙ ጨጓራ ውስጥ አረፋ ሆኖ ይታፈናል፣ ግሳት እምቢ ይላል፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ስለዚህ ደህና እረኛ ፀሐይ እስክትጠነክር ከብቱን ደረቅ ደረቁ ላይ ያቆየዋል።

አህያ ይህ ሕግ አይመለከታትም። ማለዳ ተለቃ በቀጥታ ወደ ማገጡ ትወርዳለች። እዚያው ማገጥ ላይ፣ እዚያው ጤዛ ውስጥ ስትግጥ ትውላለች፤ እንደ ከብት ጨጓራ የላትምና እንደ ከብት አትነፋም። ያው የተለመደውን ታደርጋለች፣ ያልፍላታል። የተከተለቻት ጊደር ግን ማታ ስትመጣ ሌላ ናት። ሆዷ ተላልቷል፣ ጎኗ አብጧል፣ ከኋላዋ ያልለመደባት ድምፅ ይሰማል። ሽማግሌው በረት በር ላይ ሆኖ «የት ዋለች?» ይላል። መልሱም፣ «ከአህያ ጋር!» ማስረጃ አለህ ካላችሁኝ አያቴና የአጎቴ ልጅ ናቸው። ግን ከዚህ የተሻለ ምንጭ የሰማ ካለ ይንገረኝ።

ይህ ግምት ልክ ከሆነ የአሠልጣኙ ድምዳሜ አለቀለት። መስኩ አንድ ነው፣ ሣሩ አንድ ነው፣ ጤዛው አንድ ነው። ሁለቱም እዚያ ዋሉ። አንዷ ምንም አልሆነችም፣ አንዷ ታመመች። አካባቢው ሁለቱንም አንድ አላደረጋቸውም፤ ማን ምን ዓይነት ሆድ እንዳለው አወጣው እንጂ። ደግሞ እኮ ያን ቀን አህያዋም ከጊደር ጋር ነበር የዋለችው። ማመስኳት ተምራ መጣች ያለ ሰው አለ? ማመስኳት አብሮ በመዋል አይገኝም። ጊደሯም አህያ አልሆነችም። ሰኮናዋ እንደተሰነጠቀ ነው፣ ቀንዷ እያደገ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ደረቅ ሣር በልታ ጥላ ሥር ተኝታ ታመሰኳለች።

አብሮ መዋል ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስም «ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን አመል ያጠፋል» ብሏል፤ የጠቀሰውም አመልን ነው። አመል ቀላል ነገር አይደለም፣ ያወጣል ከመሀል። አዲስ ሰፈር የገባ ሰው በወሩ አነጋገሩ ይቀየራል፣ አለባበሱ ይቀየራል፣ የሚስቅበት ነገር ሳይቀር ይቀየራል። ከመጠጥ ጓደኞቹ የራቀ ሰው መጠጡን ሊቀንስ ይችላል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቂመኛው ሰው ግን መሥሪያ ቤት ሲቀይር ቂሙን ከዕቃው ጋር ጭኖ ነው የሚሄደው። አዲሱ ቢሮ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ደህና ሰው ይመስላል። ሰዎቹን ስላላወቃቸው ነው። ለጋሱም እንዲሁ፤ ንፉጎች መሀል ሲገባ እጁን ሰብሰብ ያደርጋል እንጂ ደግነቱ አይነቀልም። አንድ ችግረኛ በሩን ሲያንኳኳ ታዩታላችሁ።

አሁን ወደ ተጠቃሚዎቹ። ይህን ተረት የሚናገር ሰው ሁሉ ጊደሯ የእሱ ናት። ልጇ ስድብ ተምሮ የመጣባት እናት ጎረቤቷን «የናንተ ልጅ ነው ያስተማረው» ትላለች። የጎረቤቷም ልጅ ስድብ ይዞ ይገባል፣ እሷም ያንኑ ተረት ትጠቅሳለች። እስካሁን ራሱን በአህያዋ ቦታ ያስቀመጠ ተናጋሪ አልገጠመኝም። እንደኔ ግምት ከሄድን ደግሞ ወቀሳው ለአህያዋም ለጊደሯም አልነበረም፣ ለእረኛው ነበር። አያቴ አህያዋን አንድም ቀን ሲቆጣት አላየሁም። ጆሮውን የተጎተተው የአጎቴ ልጅ ነው።

ለአሠልጣኞቻችንም አንድ ነገር ልበል። ተረት የምትጠቅሱ ከሆነ ከነፈሱ ጥቀሱት። አባቶቻችን «መጥፎ ነገር» አላሉም፤ የሰሙትን በስሙ ጠሩት። አዳራሹ የከበረ ሆኖባችሁ ቃሉን መጥራት ካሳፈራችሁ፣ አማርኛ ተረት አላጠረውምና ሌላ ፈልጉ።