ጎንደር ላይ በፍቺ ጊዜ የንግድ፣ የገቢና የቀለብ ጉዳይ

ጎንደር ላይ ባልና ሚስት ሲፋቱ የሚካፈሉት ቤትና የቤት ዕቃ ብቻ አይደለም። ሱቁ፣ ወፍጮው፣ ባጃጁ፣ የሰሊጥ ንግዱና የዕቁቡ ገንዘብም አብሮ ይመጣል። ጉዳዩ ዛሬ የሚዳኘው በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው።

ሴት የንብረት ባለቤት መሆኗ ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም። በጎንደር ዘመን በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የሰፈሩ የርስት ሽያጭና የስጦታ ውሎች እስከ ዛሬ አሉ። ሴቶች በራሳቸው ስም ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ፣ ያወርሳሉ፣ ይሟገታሉ። በሰማንያ ጋብቻም ሁለቱ ወገኖች ያመጡት ከብትና ገንዘብ በሽማግሌ ፊት ይቆጠር ነበር። ሲለያዩ ያመጡትን ይዘው፣ አብረው ያፈሩትን ይካፈላሉ። የዛሬው ሕግ ከዚህ ልማድ እምብዛም አይርቅም። የሽማግሌው ዳኝነት ለባል ያደላ ነበር የሚሉም አልጠፉም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ለቤተዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በፍቺ ጊዜም እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ።

በተግባር ትልቁ ጭቅጭቅ የሚነሳው በንግድ ፈቃዱ ላይ ነው። «ፈቃዱ በኔ ስም ነው» የሚል ክርክር ብቻውን አያዋጣም። በትዳር ዘመን የተገኘ ንብረት በማንም ስም ይመዝገብ፣ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የግሌ ነው የሚል ወገን ማስረዳት አለበት። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ንብረት የግል ነው። ሆኖም የግል ንብረት በትዳሩ ዘመን ያስገኘው ገቢ የጋራ ነው። ባል ከማግባቱ በፊት ቅዳሜ ገበያ ላይ የጨርቅ ሱቅ ከፍቶ ነበር እንበል። ሱቁ የግሉ ሊባል ይችላል። ከሠርጉ ወዲህ የመጣው ትርፍ ግን የሁለቱም ነው።

ክፍፍሉ ላይ ሲደረስ ገማች ባለሙያው መደርደሪያው ላይ ያለውን ጣቃ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ቀጥሎ የዱቤ ደብተሩ ይገለጣል። ብዙ ቤት ይህን ደብተር የምትይዘው ሚስት ናት። ማን ስንት እንዳለበት፣ ለአከፋፋይ ምን ያህል እንዳልተከፈለ የምታውቀውም እሷ ናት። ልፋቷ በፈቃዱ ላይ ባይጻፍም በሕግ ፊት ዋጋ አለው፤ ይህ መታወቅ ያለበት ነገር ነው። ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳም የጋራ ነው። ንብረቱን በዓይነት መካፈል ካልተቻለ፣ አንዱ ለሌላው ግምቱን ከፍሎ ያስቀረዋል። ካልተስማሙ ሐራጅ ይወጣል። በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ውስጥ ያለ ድርሻ ሲሆን ደግሞ የሌሎቹ ሸሪኮች መብት ስለሚነካ፣ ብዙ ጊዜ ክርክሩ በዋጋው ላይ ነው።

የቀድሞ ሚስት በየወሩ ተቆራጭ ታገኛለች የሚል ግምት በከተማው ሰፊ ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ባልና ሚስት የመረዳዳት ግዴታቸው ጋብቻው ሲፈርስ ያበቃል። ክሱ እየታየ ሳለ ፍርድ ቤት ስለ መተዳደሪያቸው ጊዜያዊ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። ትዳሩ በአንደኛው ጥፋት ከፈረሰም ተበዳዩ ካሳ የሚያገኝበት ሁኔታ አለ። ከፍቺ በኋላ የሚዘልቀው የልጆች ቀለብ ነው።

የቀለብ መጠን በሕግ የተቆረጠ አይደለም። የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ታይቶ ይወሰናል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ የደመወዝ ማስረጃ ይቀርባል። መዝገብ የማይዝ ነጋዴ ሲሆን ግን የግብር ፋይል፣ የባንክ እንቅስቃሴና የገበያ ጎረቤት ምስክርነት ይፈለጋል። ጠበቃ ማቆም ለማይችሉ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በነፃ የሕግ ድጋፉ የከተማው አለኝታ ነው። የገቢ ወይም የኑሮ ሁኔታ ሲለወጥም ቀለቡ እንዲጨመር ወይም እንዲቀነስ እንደገና ማመልከት ይቻላል።